ቀን የተየብኩት ደብዳቤ ሌሊት ከሰሰኝ

“የሰው ሀብት አስተዳደርን በኦንላይን ርቀት ትምህርት መማር ያዋጣል ወይ?” ብላችሁ ለምትጠይቁ ወጣቶች የራሴን ልምድ ላካፍላችሁ ብዬ ብዕሬን አንስቻለሁ። ምክሩን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ግን ኑዛዜዬን ስሙልኝ፤ ምክሩ የወጣው ከዚያው ነውና።

እኔ ሳሪስ ተወልጄ ሳሪስ ያደግሁ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። በሴክሬታሪነት ሙያ ደረጃ አራት እንደጨረስኩ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በወረቀት ላይ “የሰው ሀብት ረዳት” ይባላል። ስሙ ሲያምር! በተግባር ግን ፋይል እከፍታለሁ፣ ፋይል እዘጋለሁ፣ የቀረና ያረፈደ እመዘግባለሁ፣ የታዘዝኩትን ደብዳቤ እተይባለሁ። በቃ ይሄው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ።

“ለዚያ ለመጋዘኑ ልጅ ደብዳቤ አዘጋጂለት። በሙከራ ጊዜው ብቁ ሆኖ አልተገኘም በይ” አሉኝ።

የድሮ ደብዳቤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። የበፊቱን ሰው ስም አጠፋሁና የእሱን አስገባሁ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ልጁ ሲመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌ “እዚህ ጋ ፈርምልኝ” አልኩት። ፈረመ። “እሺ እህቴ” ብሎኝ ወጣ። እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ማታ እራቴን በላሁ፣ ድራማዬን አየሁ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ። የልጁ ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ይህቺን ደብዳቤ አትርሱብኝ፤ እመለስባታለሁ።

በእናቴ እቁብ የገዛሁት ትምህርት

በዚያው ሰሞን የክፍላችን ኃላፊ ሥራ ለቀቀች። ወንበሩ ከጎኔ ነው፣ ሥራውን ግማሽ በግማሽ የምሠራው እኔው ነኝ። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን “የመጀመሪያ ዲግሪ በሰው ሀብት አስተዳደር ወይም ተመሳሳይ ሙያ” ይላል። ቦታው ከውጭ ለመጣ ሰው ተሰጠ። እኔም አዲሱን ሰውዬ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ አስተማርኩት። እናንተዬ፣ አስተምራችሁ አለቃ ያደረጋችሁት ሰው ሲያዛችሁ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል።

ልማር አልኩ። ግን መቼ? የማታ ክፍለ ጊዜ እንዳልል ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ትራንስፖርት አግኝቼ ክፍል እስክደርስ መምህሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቅዳሜና እሁድ እንዳልል እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ቤቱም ገበያውም በእኔ ጫንቃ ላይ ነው። የቀረኝ መንገድ ቤቴ ቁጭ ብዬ መማር ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ስልኬን ስነካካ “በስድስት ወር ዲግሪ! ፈተና የለም! ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው!” የሚል ማስታወቂያ አየሁ። አሁን ሳስበው ሦስቱም ቃለ አጋኖ አደጋ ብለው የሚጮሁ ነበሩ። ያኔ ግን የቸኮለ ልብ ነበረኝ። እናቴ የእቁብ ዕጣ የወጣላት ሰሞን ነበር። “ልጄ፣ ጣሪያው ይቆየን፣ አንቺ ተማሪ” ብላ ብሩን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ከፈልኩ። ሁለት ጊዜ የተቃኘ መጽሐፍ በቴሌግራም ላኩልኝ። ሦስተኛው “ነገ” ሆነ፣ ከዚያ “ሰኞ” ሆነ፣ ከዚያ ስልኩ አይነሳም ሆነ። ይፈቀድላቸው እንደሆነ ሳጣራ እውቅና ካገኙት ተቋማት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ጭራሹን የለም። ማጣራት የነበረብኝ ከመክፈሌ በፊት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል?

ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው ያፈሳል፤ እናቴ ባልዲ ታስቀምጣለች። አንድም ቀን ስለ ገንዘቡ ቃል አልተነፈሰችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ

በሁለተኛው ዓመት እንደ እባብ ብልህ ሆኜ ጀመርኩ። እውቅናውን አጣራሁ፣ ሳልከፍል ጠየቅሁ፣ ቀድመው የተማሩ ሰዎች አነጋገርኩ። የደመወዜን ሲሶ እየከፈልኩ የሰው ሀብት አስተዳደር የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቴን በኦንላይን ጀመርኩ።

መቼም አገራችን ውስጥ “በርቀት ነው የምማረው” ስትሉ ከንፈር የሚመጥላችሁ ሰው አይጠፋም። የእኔዋ ጎረቤት “በስልክ ተምሮ ዲግሪ? ጉድ ሳይሰማ…” ብላኛለች። እኔም ንቀቱ ሲያበሳጨኝ ታሪኩን አገላበጥኩ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ግቢው ያልመጡ ሰዎች በያሉበት አጥንተው እንዲፈተኑና ዲግሪ እንዲያገኙ የፈቀደው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1971 ተማሪ ሲቀበል በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጭምር ያስተምር ነበር። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ደግሞ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደብዳቤ ሲያስተምር ኖሯል። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከዩኒሳ ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ገና እስረኛ ሳሉ ነው። ይህንን ለጎረቤቴ ስነግራት “እሳቸው እኮ ማንዴላ ናቸው” አለችኝ። ምን ትላላችሁ! መልስ አጣሁ።

ትምህርቱ ምን ይመስላል ካላችሁኝ፣ መምህሩ የቀዳውን ቪዲዮ በራሴ ሰዓት አያለሁ፣ መጽሐፉን አነባለሁ፣ በየምዕራፉ አጫጭር ጥያቄ እመልሳለሁ፣ የቤት ሥራ በቀኑ አስገባለሁ። አልፎ አልፎ በቀጥታ ስርጭት እንገናኛለን። ዋናውን ፈተና ግን መታወቂያ ይዤ በአካል ቀርቤ ነው የምፈተነው።

የእኔ ሰዓት ከሌሊቱ አምስት እስከ ሰባት ነው። እናቴ መድኃኒቷን ውጣ ትተኛለች፣ ወንድሜ ያንኮራፋል፣ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋው ስለሚከብድ ቪዲዮውን በቢሮ ምሳ ሰዓት አውርጄ እመጣለሁ። መብራት የሚጠፋውም ልክ የቤት ሥራ ማስገቢያው ቀን ነው። አንዴማ ስልኬ ሦስት ፐርሰንት ባትሪ ቀርቶት፣ በሻማ ብርሃን፣ ሌሊት 5 ሰዓት ከ50 ላይ የላክሁት ሥራ አለ። “ደርሷል” የሚለውን ቃል ሳይ እልል ልል ነበር፤ ሰው ይቀሰቀሳል ብዬ ተውኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን ብቸኝነቱ ነው። ክፍል ውስጥ ያልገባህን አጠገብህ ያለውን ትጠይቃለህ። ኩሽና ውስጥ ግን ማንን ትጠይቃለህ? ድስቱን? አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ጠፍተዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ የቤት ሥራቸውን ለሚሠሩላቸው ልጆች ይከፍላሉ። ለእኔም “አንቺ ሥራ አለብሽ፣ ለምን ትቃጠያለሽ?” ብለው ዋጋ ነግረውኛል። አልዋሽም፣ አንድ ሌሊት በጣም ደክሞኝ ልከፍል ስልኬን አንስቼ ነበር። የመለሰኝ ጨዋነቴ አይደለም፤ የእናቴ ባልዲ ነው። በእሷ ጣሪያ የተገዛ ትምህርት ሌላ ሰው ተምሮት ምን ያደርግልኛል?

ሙያው ሲገለጥልኝ

መጀመሪያ ስገባ የሰው ሀብት አስተዳደር ማለት ቅጥር፣ ዕድገት፣ ደመወዝ፣ ስንብት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን የሰው ጠባይ ትምህርት ነው።

ለምሳሌ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. የጻፈውን እንውሰድ። አለቆች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ አንዱ ነገሩ ካማራቸው ሌላውም ያማረ ይመስላቸዋል። ይህንን “ሃሎ ኢፌክት” ይሉታል። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ መሥሪያ ቤት በየማለዳው ለሥራ አስኪያጁ ጋዜጣ ይዞላቸው የሚገባ ሰው አለ። በሥራ አፈጻጸም ግምገማ “ሰዓት ማክበር” ላይም፣ “የቡድን ሥራ” ላይም፣ “የፈጠራ ችሎታ” ላይም ሙሉ ማርክ ነው! ጋዜጣ መያዝ ፈጠራ ከሆነ አላውቅም።

የሙያው አጀማመርም ገርሞኛል። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞችን ደኅንነት የሚከታተሉ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ሲአይፒዲ የሚባለው ትልቁ የሙያ ማኅበር ከዚያ ያደገ ነው። ነገሩ የተጀመረው ሠራተኛው ምን በላ፣ የት ዐረፈ፣ ታመመ ወይ ከሚል ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሙያ ስም ተቀምጬ የሰው ስም አጥፍቼ የሌላ ሰው ስም እተካለሁ።

ከዚያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ኮርስ መጣ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን እንደሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እንደሚጨመር፣ ወላድ ከወሊድ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ እንዳላት፣ ባልም 3 ቀን እንደሚፈቀድለት ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ በዚያ ክፍል ስንት ዓመት ተቀምጬ ግማሹን አላውቅም ነበር።

አንድ ሌሊት አንቀጽ 11 ላይ ደረስኩ። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ስምምነት ሲደረግ ነው፤ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን አንስቶም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። ድሮ በአዋጅ 377/1996 ጊዜ 45 ቀን ነበር። በሙከራ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ከዚያች ቀን አንድ ቀን ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ማስጠንቀቂያ መስጠት በሚገባበት ጉዳይም እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለ።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ያ የመጋዘን ልጅ ትዝ አለኝ። ጧት ቢሮ እንደገባሁ ፋይሉን አወጣሁና የቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ፣ እሑዶቹንና በዓላቱን እየቀነስኩ ቆጠርኩ። ሦስት ወር ከአንድ ሳምንት ሠርቷል። 81 የሥራ ቀን። እኔ “በሙከራ ጊዜው” ብዬ የተየብኩለት ልጅ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ 21 የሥራ ቀን አልፎት ነበር። ደብዳቤው ግርጌ ላይ “አዘጋጅ” በሚለው ቦታ የማን ፊርማ እንዳለ ልንገራችሁ? የእኔ።

ሁለተኛዋ ደብዳቤ

እግዜር ሲፈትን በቀጠሮ አይደለም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ እንደገና ጠሩኝ።

“ለማሸጊያ ክፍሏ ልጅ ደብዳቤ አዘጋጂ። ያው እንደ በፊቱ፣ በሙከራ ጊዜዋ አልበቃችም በይ።”

ልጅቷን አውቃታለሁ። ከገጠር መጥታ እህቷ ጋ የተጠጋች፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ቦታዋ ለሥራ አስኪያጁ ባለቤት ዘመድ መታሰቡን ደግሞ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቆጠርኩ። ሁለት ወር ከ25 ቀን፤ 71 የሥራ ቀን። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 71።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የታሰበኝ ሕጉ አልነበረም። የኮሌጅ ክፍያዬ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ የቤት ኪራያችን ነው የታሰበኝ። “ምን አገባሽ? የታዘዝሽውን ጻፊ” አልኩት ለራሴ። ስሟን መተየብም ጀምሬ ነበር። ከዚያ ያ ልጅ “እሺ እህቴ” ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ተነሳሁ።

“ጋሼ፣ ደብዳቤዋ ትንሽ ችግር አላት” አልኳቸው።

“ምን ችግር? ስሟን አላወቅሽውም?”

“ስሟን አውቀዋለሁ። የሙከራ ጊዜዋ አልቋል።”

“ሦስት ወር የታለ የሞላት?”

“ሕጉ የሚለው 60 የሥራ ቀን ነው ጋሼ። ስቆጥረው 71 ሆኗል።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “ማነው ሕግ ያስተማረሽ?”

“እየተማርኩ ነው። በኦንላይን።”

“በስልክ!” ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። “በስልክ ተምረሽ እኔን ልትከሽኝ ነው?”

“እኔ እርስዎን አልከስም። እሷ ብትከስ ግን የጻፍነው ምክንያት አያዋጣንም። ጉድለት ካለባት ጉድለቷን እንጻፍና እናስጠንቅቃት። ይህቺን ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈርምባትም።”

“ውጪ!” አሉኝ። ወጣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ ግማሹ ልብሴ ላይ ፈሰሰ።

ሁለት ቀን ማንም አላነጋገረኝም። በሦስተኛው ቀን ለድርጅቱ ጠበቃ ደውለው እንደነበር ሰማሁ። ጠበቃው ምን እንዳሏቸው ባላውቅም ደብዳቤው ቀረ። ልጅቷም እስከ ዛሬ ማሸጊያ ክፍል አለች። ምን እንደተደረገላት ግን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።

የፊልም መጨረሻ ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወር ተኩል ያህል ሰላምታዬን አልመለሱም። የዚያ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ለሁሉም ሲደርስ እኔን ዘለለኝ። አንድ ወሰነ ትምህርት መክፈል አቅቶኝ ከእናቴ ተበድሬያለሁ፤ እሷም እቁቧን እንደገና ጀምራለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠርተው “ያቺ የምትማሪያት ነገር… የሥራ ደንብ አወጣጥም ታስተምራለች?” አሉኝ። “ታስተምራለች ጋሼ” አልኳቸው። “እስቲ አንድ ረቂቅ አምጪ” አሉ። ይቅርታም አልጠየቁ፣ ጭማሪዬንም አልመለሱ። ረቂቁን ግን ጽፌያለሁ።

መገናኛ ላይ

የመጀመሪያው ልጅ ግን ከሕሊናዬ አልወጣ አለ። ስልኩን ከድሮ ፋይሉ አውጥቼ ደወልኩለት። የሠራተኛ ፋይል ለግል ጉዳይ መጠቀም ራሱ በሙያው ነውር መሆኑን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ እናንተ እንዳታደርጉት።

መገናኛ ተቀጣጠርን። የታክሲ ረዳት ሆኗል። ማኪያቶ አዝዤለት ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ 60ውንም፣ 81ዱንም፣ ፊርማዬንም። ብርጭቆውን እያሽከረከረ ሰማኝ።

“አሁን መክሰስ ይቻላል?” አለኝ።

ይህንን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እሱ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። “አልፏል” አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ?

“ሥራው ሥራ ነው፣ ሌላ ይገኛል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ወረቀቱን ስትሰጪኝ ቀና ብለሽ እንኳን አላየሽኝም።”

ይህንን የትኛውም ቪዲዮ አላስተማረኝም። ሲለያየን “ያንን ሕግ በቴሌግራም ላኪልኝ” አለኝ። ላክሁለት። “ለጓደኞቼም አደረስኩት” ብሎ መልሶ ጻፈልኝ። ይቅር ብሎኛል ወይ? አላውቅም። ልጠይቀውም ድፍረት አላገኘሁም።

ለምትጀምሩ ወጣቶች

ምክሩን ቃል በገባሁት መሠረት እነሆ።

አንደኛ፦ ገንዘባችሁ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ማግኘቱን አጣሩ። የኮሌጁ ስም መኖሩ ብቻ አይበቃም። የምትማሩት ሙያ በምትማሩበት መንገድ፣ ማለትም በርቀት ወይም በኦንላይን፣ የተፈቀደ መሆኑን ጠይቁ። ከውጭ አገር ተቋም በኦንላይን የምትማሩም ብትሆኑ ዲግሪው እዚህ የአቻ ግምት ማግኘት አለማግኘቱን ቀድማችሁ እወቁ። “ፈተና የለም” ያላችሁን ሰው ግን “ደህና ዋል” ብላችሁ ተሰናበቱት።

ሁለተኛ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። በገንዘብ የቤት ሥራ ያሠራ ሰው እዚያ ፈተና ላይ የሚያቆመው ምርኩዝ የለውም።

ሦስተኛ፦ ወጪውን ሙሉውን አስሉ። የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም። መመዝገቢያ፣ ኢንተርኔት፣ ለፈተና መመላለሻ፣ ድጋሚ ፈተና ሁሉም ብር ነው። በጽሑፍ አስነግሯቸው።

አራተኛ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ጥቂት ቅመሱ። የኦፕን ዩኒቨርሲቲው “ኦፕንለርን” በነፃ የሚነበቡ ትምህርቶች አሉት። ኮርሴራ ላይም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ተከታታይ የሰው ሀብት አስተዳደር ትምህርት አለ። እነዚህ ዲግሪ አይሆኑም፤ ሙያው ይስማማችሁ እንደሆነ ግን ያሳዩአችኋል። ሁለት ሳምንት ብቻችሁን መቀመጥ ካቃታችሁ አራት ዓመት እንዴት ልትችሉት ነው?

አምስተኛ፦ ብቻችሁን አትማሩ። እኔን ያዳነኝ አንዲት የአዳማ ልጅ ናት። በአካል ተያይተን አናውቅም። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በስልክ አንዳችን ለሌላው እናስረዳለን። ለሰው ማስረዳት ያቃታችሁ ነገር ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ሰዓታችሁን ለቤተሰብ አሳውቁ። እኛ ቤት ከአምስት ሰዓት በኋላ ማንም አይጠራኝም። ወንድሜ ሳሕን ማጠብ የለመደው በእኔ ዲግሪ ነው። ይሄ ራሱ አንድ ውጤት አይደል?

የመጨረሻው፦ ያነበባችሁትን በማግስቱ ሥራ ቦታችሁ ፈልጉት። የሥራ ዝርዝር ላይ ካነበባችሁ የራሳችሁን የሥራ ዝርዝር አውጥታችሁ እዩት። ስለ ፈቃድ ካነበባችሁ የራሳችሁን ፈቃድ ቁጠሩ። የኦንላይን ትምህርት ክፍል የለውም ይባላል። የእኔ ክፍል ቢሮዬ ነበር፤ ያውም ከባድ ፈተና ያለበት ክፍል።

“ታዲያ ያዋጣል ወይ?” ላላችሁኝ፣ እስከ አሁን ዕድገት አላገኘሁም፣ ጭማሪም አምልጦኛል፣ ጣሪያችንም ገና አልተሠራም። የመውጫ ፈተናዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አሁን ግን የማንም ሰው ደብዳቤ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት የቀን መቁጠሪያዬን እዘረጋለሁ። መጥፎ ዜና የምነግረውን ሰው ደግሞ መጀመሪያ “ተቀመጥ” እለዋለሁ፣ ዓይኑንም አያለሁ። ይህቺ ብቻ እንኳን ብትሆን ለእኔ አዋጥታኛለች።

ያውላችሁ እንግዲህ። ዛሬም አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ኩሽናዬ ይጠብቀኛል። ደህና ሁኑልኝ።